የሳተርንን እፍግታ በቤት መለካት፦ ከወጥ ቤት ሚዛን እስከ ቴሌስኮፕ

«ሳተርንን የሚችል ባሕር ቢገኝ ኖሮ ይንሳፈፍ ነበር» የሚለውን አባባል ያልሰማ የሥነ ፈለክ አፍቃሪ ያለ አይመስለኝም። በልጆች መጻሕፍት ውስጥ አለ፤ እኛም ቴሌስኮፕ ዘርግተን ለእንግዳ ቀለበቶቹን ስናሳይ ደጋግመን እንናገረዋለን። እኔ ግን በተናገርኩት ቁጥር አንድ ጥያቄ ይከተለኝ ነበር፤ ለመሆኑ ማን መዘነው? ከፀሐይ 1.4 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚዞር አካል ከውሃ ይቅለል ወይም ይክበድ በምን ይታወቃል? ሰው የነገረኝን መልስ ከመድገም ይልቅ በቤቴ ባሉ ዕቃዎች ራሴ ልድረስበት ብዬ ተነሣሁ። በመንገዱ ላይ ያገኘሁት ነገር በጣም ስላስደሰተኝ ለእናንተም ላካፍላችሁ ወደድኩ። የአንድን ፕላኔት እፍግታ ማወቅ ርቀቱን ወይም ክብደቱን ከማወቅ ይቀላል፤ ሁለቱንም ሳያውቁ እፍግታውን ማስላት ይቻላል።

ጅማሬው ወጥ ቤት ነው። እፍግታ ማለት የአንድ ነገር መጠነ ቁስ ለይዘቱ (ለሚይዘው ቦታ) ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው። አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ውሃ አንድ ግራም ስለሚመዝን የውሃ እፍግታ 1 ነው፤ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ቁጥሮች ሁሉ በዚሁ መለኪያ የተሰጡ ናቸው። ከ1 ያነሰ ይንሳፈፋል፣ ከ1 የበለጠ ይሰጥማል። ውሃ ውስጥ በጠለቅን ቁጥር ግፊቱ ይጨምራል፤ ስለዚህ የጠለቀውን ነገር ከሥሩ ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል ከአናቱ ወደ ታች ከሚጫነው ይበልጣል። የሁለቱ ልዩነት ያ ነገር ካፈናቀለው ውሃ ክብደት ጋር እኩል ነው። የሰራኩሱ አርኪሜድስ ይህን የደረሰበት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዘመን ነው።

ይህን ሕግ በገዛ ዓይን ለማየት ግራም የሚያሳይ ተራ የወጥ ቤት ሚዛን ይበቃል። ውሃ የያዘ ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ቁጥሩን ወደ ዜሮ መልሱት። ከዚያ አንድ ድንጋይ በቀጭን ክር አስራችሁ ውሃው ውስጥ አንጠልጥሉት፤ ሙሉ በሙሉ ይጥለቅ እንጂ የብርጭቆውን ወለልና ጎን አይንካ። አሁን የሚታየው ቁጥር የድንጋዩ ክብደት ሳይሆን ይዘቱ ነው። ውሃው ድንጋዩን ወደ ላይ በሚገፋበት ኃይል ልክ ድንጋዩም ውሃውን ወደ ታች ይገፋዋል፤ ሚዛኑ የሚያነበው ይህንኑ፣ ማለትም የተፈናቀለውን ውሃ ክብደት ነው። አንድ ግራም ውሃ አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ቁጥሩ በቀጥታ ይዘት ይሆናል። ድንጋዩን ለብቻው መዝናችሁ በዚህ ቁጥር ብታካፍሉት እፍግታው ወጣ። ለግንብ የሚውለው ጥቁር ድንጋይ 212 ግራም መዝኖ 75 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ያዘ፤ እፍግታው 2.83 ነው። ከአሉቶ ተራራ ሥር፣ በዝዋይና በላንጋኖ ሐይቆች መካከል ካለው ስፍራ ያመጣሁት ባልጩት ደግሞ 2.41 ሆነ።

ከዚያው ከአሉቶ የመጣ ሌላም ድንጋይ ነበረኝ፤ ፑሚስ የሚባለው፣ በቀዳዳ የተሞላው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ። እርሱ ሲለካ ሌላውን ሁሉ ረሳሁት። ፑሚስ ስለሚንሳፈፍ አለካኩ ከላይ ካልኩት ይለያል፤ እንዲያውም ይበልጥ ያምራል። ዝም ብላችሁ ውሃው ላይ ስታስቀምጡት ሚዛኑ የሚያሳየው መጠነ ቁሱን ነው። በቀጭን መርፌ ተጭናችሁ ሙሉ በሙሉ ስታሰጥሙት ቁጥሩ ይጨምርና ይዘቱን ያሳያል። በአንድ ብርጭቆ ሁለቱንም አገኛችሁ ማለት ነው። የእኔው ሲንሳፈፍ 31፣ ሲሰጥም 46 አሳየ፤ ሲካፈል 0.67። የሳተርን እፍግታ 0.69 መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ይህ ቁጥር ልብ ያሞቃል። ውሃ ወደ ቀዳዳዎቹ እንዳይገባ ድንጋዩን አስቀድሞ በሻማ ሰም ማሸት ያስፈልጋል።

ባልጩትና ፑሚስ እዚያው አንድ ተራራ ላይ ከአንድ ዓይነት ቅልጥ ዓለት የወጡ ናቸው፤ የኬሚካል ቅንብራቸውም እጅግ ተቀራራቢ ነው። አንዱ ጋዙን አጥቶ እንደ መስታወት ረጋ፤ ሌላው በውስጡ የነበረው ጋዝ በፍንዳታ ሲሰፋ በአረፋ እንደተሞላ ደረቀ። ፑሚሱን ፈጭቼ ዱቄቱን ውሃ ውስጥ ስጨምረው ሰጠመ። እፍግታ የሚነግረን ነገሩ ከምን እንደተሠራ ብቻ አይደለም፤ ምን ያህል እንደተጠቀጠቀና በውስጡ ምን ያህል ባዶ ቦታ እንዳለም ይነግረናል። የጣና ታንኳም የሚንሳፈፈው በደንገሉ ግንድ ውስጥ ባለው አየር ነው፤ ውሃ እየጠጣ ሲሄድ ይከብዳል፣ ባለቤቱም ዳር አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያደርቀዋል። ፕላኔቶች ዘንድ ስንደርስ ይህ ሐሳብ ያስፈልገናል።

ድንጋይን ውሃ ውስጥ መንከር ይቻላል፤ ፕላኔትን ግን አይቻልም። ታዲያ ምን ይደረግ?

ጨረቃ ያለው ፕላኔት ሁሉ ሚዛኑን ይዞ ይዞራል። ጨረቃዋ በምትዞርበት ርቀት ላይ አንድ ዙር ለመጨረስ የሚፈጅባት ጊዜ የሚወሰነው በፕላኔቱ ስበት ነው፤ ፕላኔቱ በከበደ ቁጥር ጨረቃዋ ትፈጥናለች። የፕላኔቱ መጠነ ቁስ ከምሕዋሩ ርቀት ኩብ ጋር ያድጋል፣ ከዙር ጊዜው ስኩዌር ጋር ደግሞ ይቀንሳል። ይዘቱ በበኩሉ ከፕላኔቱ ሬዲየስ ኩብ ጋር ያድጋል። አሁን መጠነ ቁሱን ለይዘቱ አካፍሉት። ከላይ የምሕዋር ርቀት ኩብ አለ፣ ከታች የሬዲየስ ኩብ አለ፤ ስለዚህ የሚያስፈልገን የሁለቱ ምጥጥን ብቻ ነው። ፕላኔቱ ከእኛ ምን ያህል እንደሚርቅ ባናውቅ፣ የምሕዋሩንም ስፋት በኪሎ ሜትር ባናውቅ ግድ የለም። ጨረቃዋ ከፕላኔቱ መሃል ስንት የፕላኔት ሬዲየስ ያህል ትርቃለች የሚለው በቴሌስኮፑ የዓይን መነጽር ውስጥ በቀጥታ የሚለካ ነገር ነው። የዙር ጊዜው ደግሞ በሰዓትና በቀን መቁጠሪያ ይገኛል።

ስሌቱ ይህን ይመስላል። ምጥጥኑን ኩብ አድርጉት (ምጥጥን × ምጥጥን × ምጥጥን)፤ ያገኛችሁትን በቀናት ለተቆጠረው የዙር ጊዜ ስኩዌር አካፍሉት፤ በመጨረሻም በ0.0189 አባዙት። የሚወጣው ቁጥር ከውሃ ጋር የተነጻጸረ እፍግታ ነው። 0.0189 ከየት እንደመጣ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ የሞከርኩት በፀሐይ ነው፤ ምክንያቱም እኛው ራሳችን በፀሐይ ዙሪያ የምንዞር ነንና ምንም ቴሌስኮፕ አያስፈልግም። የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ምስማር በበሳው ቀዳዳ የሚገባው ብርሃን ወለሉ ላይ የሚሠራት ክብ የፀሐይ ምስል ናት። ቀዳዳው ክብ ባይሆንም ምስሉ ክብ ነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. በላሊበላና በሌሎች አካባቢዎች የታየውን የቀለበት ግርዶሽ የተከታተላችሁ፣ በዛፍ ቅጠሎች መካከል የሚያልፉት የብርሃን ክቦች ወደ ማጭድና ወደ ቀለበት ቅርጽ ሲለወጡ ያያችሁት በዚሁ ምክንያት ነበር። ወረቀት ለብርሃኑ ፊት ለፊት ቀጥ አድርጌ ይዤ ከቀዳዳው እስከ ወረቀቱ ያለውን ርቀት በሜትር ገመድ ለካሁ፤ 260 ሴንቲ ሜትር። የክቡ ስፋት የቀዳዳው ስፋት ሲቀነስለት 2.4 ሴንቲ ሜትር ሆነ። 260ን ለ2.4 ሳካፍል 108 ገደማ ይመጣል፤ ይህ ማለት ፀሐይ ከእኛ የምትርቀው የራሷን ዲያሜትር 108 ጊዜ ያህል ነው። በሬዲየስ ሲሆን እጥፍ፣ ወደ 217 ነው። የ217 ኩብ ለ365.25 ስኩዌር ተካፍሎ፣ በ0.0189 ሲባዛ 1.45 ሰጠኝ።

የፀሐይ አማካይ እፍግታ 1.41 ነው። ይህን ውጤት ወረቀቱ ላይ ሳየው ለረጅም ጊዜ ከመቀመጫዬ አልተነሣሁም። በምስማር ቀዳዳ፣ በሜትር ገመድና በአንድ ዓመት ርዝመት ፀሐይ ከውሃ ብዙም የማትከብድ አካል መሆኗን ማወቅ ይቻላል። በመደበኛ ትምህርት ላይ ይህ ሙከራ ለምን እንደማይሠራ አይገባኝም። ለልጆቻችሁ አሳዩአቸው፤ ፀሐይን በቀጥታ ማየት አያስፈልግም፣ መታየትም የለባትም፤ የምትለካው ወረቀቱ ላይ ያለችው ምስል ናት።

ቀጥሎ የታወቁ ቁጥሮችን ይዤ ስሌቱን ፈተንኩት። ጁፒተርን የምትዞረው አዮ በጁፒተር ሬዲየስ 6.03 ትርቃለች፤ አንድ ዙር የሚፈጅባት 1.769 ቀን ነው። ውጤቱ 1.32። ካሊስቶ 26.9 ሬዲየስ ርቃ በ16.69 ቀን ትዞራለች፤ የእርሷም ውጤት 1.32። ሁለት ጨረቃዎች፣ አንዷ ፈጣን ሌላዋ ዘገምተኛ፣ ስለ አንድ ፕላኔት አንድ ዓይነት ምስክርነት ሰጡ። የእኛዋን ጨረቃ ስወስድ፣ በ60.3 የምድር ሬዲየስ ርቀትና በ27.32 ቀን፣ 5.55 ወጣ። የምድር ትክክለኛ እፍግታ 5.51 ነው። ትንሿ ትርፍ የመጣችው ጨረቃ ራሷ የምድርን 1/81ኛ ያህል ስለምትመዝን ነው፤ ስሌቱ ጨረቃዋን ክብደት የሌላት አድርጎ ይቆጥራል። ለሌሎቹ ፕላኔቶች ይህ ግምት ምንም አይጎዳም፤ ጨረቃዎቻቸው ከእነርሱ አንጻር እጅግ ትንንሽ ናቸው።

አሁን ወደ ሳተርን። ታይታን የተባለችው ትልቋ ጨረቃው በትንሽ ቴሌስኮፕም ትታያለች፤ በ15.95 ቀን አንድ ዙር ትጨርሳለች። የሚያስፈልገው ከሳተርን እጅግ የምትርቅበትን ምሽት መጠበቅ ነው፤ አንድ ጊዜ በምሥራቅ፣ ከስምንት ቀን ገደማ በኋላ ደግሞ በምዕራብ። ምሕዋሯ ወደ እኛ ያዘነበለ ቢሆንም በዚያች ምሽት የሚታየው ርቀት ሙሉው የምሕዋር ሬዲየስ ነው። ስልኬን ከዓይን መነጽሩ ጋር አስሬ ማጉያውን ሳልነካ ሁለት ፎቶግራፍ አነሣሁ፤ አንዱ ታይታን እንድትታይ ብርሃን ረዘም ላለ ጊዜ የሚያስገባ፣ ሌላው የሳተርን ክብ ጠርዙ እንዲለይ አጭር። ከዚያ በኮምፒውተር ላይ በታይታንና በሳተርን መሃል መካከል ያለውን ርቀት በቀለበቶቹ አቅጣጫ ለተለካው የክቡ ስፋት ግማሽ አካፈልኩት። 19.5 አካባቢ ሆነ። በስሌቱ ስናስገባው 0.55 ይወጣል።

አንድ እርማት ይቀራል። ሳተርን በ10 ሰዓት ተኩል ገደማ አንድ ጊዜ በራሱ ዙሪያ ስለሚሽከረከር ወገቡ ተለጥጧል፤ በወገቡ በኩል ሬዲየሱ 60,268 ኪሎ ሜትር ሲሆን በዋልታዎቹ በኩል 54,364 ብቻ ነው። በቴሌስኮፕ ቀረብ ብሎ ላየው ሰው ድፍጥጥ ማለቱ በዓይን ይታወቃል። ስለዚህ እውነተኛ ይዘቱ በወገቡ ከተለካው ሉል በ10 በመቶ ገደማ ያንሳል፤ እፍግታውም በዚያው ልክ ከፍ ይላል። 0.55 ወደ 0.61 አደገ። የተመዘገበው ቁጥር 0.69 ነው። የፕላኔቱ ብርሃን በፎቶግራፉ ላይ ጠርዙን ትንሽ ስለሚያሰፋው ምጥጥኑ ይቀንሳል፣ ምጥጥኑ ደግሞ ኩብ ስለሚሆን እያንዳንዷ የአንድ በመቶ ስሕተት ወደ ሦስት በመቶ ታድጋለች። ለጥያቄያችን ግን ይህ አያሰጋም። ምጥጥኑ 22 ነው ብንል እንኳ እፍግታው ከ0.88 አያልፍም። ሳተርን ከውሃ ይቀላል፤ ይህን አሁን የምናገረው ሰምቼ ሳይሆን ለክቼ ነው።

ይህን መንገድ የቀየሰው አይዛክ ኒውተን ነው። በ1726 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በወጣው የዋና ሥራው የመጨረሻ እትም የፀሐይን እፍግታ 100 ብሎ፣ ጁፒተርን 94 ተኩል፣ ሳተርንን 67፣ ምድርን 400 አድርጎ አስቀመጠ። የዛሬዎቹን ቁጥሮች በዚያው መልክ ብንጽፋቸው 100፣ 94፣ 49 እና 391 ይሆናሉ። የጁፒተርና የምድር እንዴት ያለ ቅርበት ነው! የሳተርን ልዩነት ትልቅ ቢመስልም በምጥጥኑ ላይ ከ11 በመቶ ገደማ ስሕተት የመጣ ነው፤ በዚያ ዘመን መነጽር ይህ ብዙ አይደለም። ዋናው ነገር የሳተርን ቀላልነት ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በወረቀት ላይ ሰፍሮ መገኘቱ ነው።

ኒውተን ግን ሳተርን ይንሳፈፋል ለማለት የሚያስችል ማረጋገጫ አልነበረውም። እርሱ የያዘው የፕላኔቶቹን ንጽጽር እንጂ ከውሃ ጋር የሚያገናኛቸውን ድልድይ አልነበረም። ምድር ከውሃ አምስትና ስድስት እጥፍ ሳትከብድ አትቀርም ብሎ በግምት ተናግሯል፤ ግምቱም ትክክል ሆኖ ተገኘ። ልኬቱ የመጣው ቆይቶ ነው። በ1774 ኔቪል ማስክሊን በስኮትላንድ ሺሃልየን የተባለ ተራራ አጠገብ የቱንቢ ገመድ በተራራው ስበት ምን ያህል ከቀጥታው እንደሚያፈነግጥ ለካ፤ ቻርልስ ሃተን ከዚያ ተነሥቶ የምድርን እፍግታ 4.5 አካባቢ አወጣው። በ1798 ደግሞ ሄንሪ ካቨንዲሽ ለንደን ውስጥ በተዘጋ ክፍል፣ በሽቦ የተንጠለጠለ ዘንግ ጫፍ ላይ ያሉ ትንንሽ የእርሳስ ኳሶች በትልልቅ የእርሳስ ኳሶች ሲሳቡ ለካና ምድር ከውሃ 5.48 እጥፍ እንደምትከብድ አሳተመ። የአየር ንፋስ እንዳያውከው ከክፍሉ ውጭ ሆኖ በቴሌስኮፕ ነበር የሚያነበው። ከላይ የተጠቀምኩበት 0.0189 በውስጡ ያለው የዚህ ዓይነት ልኬት ውጤት ነው።

ከዚህ በኋላ አንድ ነገር ልሞክር ብዬ የኒውተንን ቁጥር በካቨንዲሽ ቁጥር አባዛሁት። 67 ለ400 ተካፍሎ በ5.48 ሲባዛ 0.92 ይሆናል፤ የበረዶ እፍግታ ማለት ነው። በሌላ አነጋገር፣ ከ1798 ጀምሮ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ማንም ሰው ሳተርን ከውሃ እንደሚቀል ሊያውቅ ይችል ነበር፤ ለዚያም አንዲት መንኮራኩር ወደ ሰማይ መውጣት አላስፈለጋትም።

እንግዲህ በእርግጥ ይንሳፈፍ ይሆን? እዚህ ላይ አባባላችን መታረም ያለበት ይመስለኛል። 0.69 አማካይ ነው። ሳተርን አብዛኛው ሃይድሮጅንና ሂሊየም የሆነ፣ ጠንካራ ገጽ የሌለው አካል ነው፤ የላይኛው ሽፋኑ ከውሃ እጅግ የቀለለ ጋዝ ሲሆን ወደ ውስጥ በተገባ ቁጥር ግፊቱ እያፈገው ይሄድና መሃሉ ከውሃ ብዙ እጥፍ ይከብዳል። ሳተርንን የሚችል ባሕር ደግሞ ራሱ ከሳተርን የበለጠ ስበት ያለው ፕላኔት ይሆናል። ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ በሌላው ላይ አይቀመጥም፤ ይዋሐዳሉ። ከባዱ ዓለት ወደ መሃል ይወርዳል፣ ውሃው በዙሪያው ይከማቻል፣ ሃይድሮጅኑና ሂሊየሙ ከላይ ይለብሰዋል። ጋዙ በውሃው ላይ ከመሆኑ አንጻር «ተንሳፈፈ» ማለት ይቻላል፤ ግን ሳተርን የሚባል ነገር አይኖርም። የሚገርመው እንዲህ ያለ አደራደር ያላቸው ፕላኔቶች በሰፈራችን መኖራቸው ነው። ዩራነስና ኔፕቱን በተለመዱት ሞዴሎች መሠረት በውስጣቸው በብዛት ውሃ፣ አሞንያና ሚቴን ሲኖራቸው ከላይ በሃይድሮጅንና በሂሊየም ተሸፍነዋል፤ እፍግታቸው 1.27 እና 1.64 ነው።

እውነተኛ ተንሳፋፊ የምንፈልግ ከሆነ ከሳተርን ሳንርቅ ሃይፐርዮንን እናገኛለን። ይህች አማካይ ስፋቷ 270 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ቅርጸ ቢስ ጨረቃ ናት። ካሲኒ መንኮራኩር በ2005 በአጠገቧ አልፋ ስታነሣት ገጽዋ ጥልቅ በሆኑ ጉድጓዶች ተወጥሮ ታየ። እፍግታዋ 0.54 ነው። በአብዛኛው ከበረዶ የተሠራች ናት፤ የበረዶ እፍግታ ግን 0.92 ስለሆነ ከይዘቷ 40 በመቶ በላይ ባዶ ቦታ መሆን አለበት። ፑሚስ ማለት ይህ ነው። ሮዜታ የተባለችው መንኮራኩር ከ2014 ጀምሮ የተከታተለችው 67ፒ ጅራታም ኮከብም 0.53 ነው። እነዚህ አካላት ስበታቸው ደካማ ስለሆነ ራሳቸውን ጨምቀው ቀዳዳቸውን መዝጋት አልቻሉም። ሳተርን የቀለለው ከተሠራበት ጋዝ የተነሣ ነው፤ ሃይፐርዮን ግን በባዶ ቦታዋ። አንድ ዓይነት የሚመስሉ ሁለት ቁጥሮች የተለያየ ታሪክ አላቸው፤ እኛም ለእንግዶቻችን ስንናገር ይህን ብንጨምር ደስ ይለኛል።

የእፍግታ ዋና ጥቅሙ ግን መንሳፈፍ አይደለም። የቤቴ ጥቁር ድንጋይ 2.83 ነበር፤ ምድር በሙሉ 5.51። በእግራችን የምንረግጠው ቅርፊት ከአማካዩ ግማሽ ያህል ብቻ ከሆነ ከሥር የሆነ ቦታ እጅግ የከበደ ነገር መኖር አለበት። ይህን ማንም ሳይቆፍር ካቨንዲሽ አውቆታል። በ1906 ሪቻርድ ኦልድሃም የመሬት መንቀጥቀጥ ሞገዶችን አጥንቶ እምብርት መኖሩን አሳየ፤ በ1936 ኢንገ ሌማን የተባለች ዴንማርካዊት በዚያ እምብርት ውስጥ ሌላ እምብርት አገኘች። መሃሉ ላይ እፍግታው 13 አካባቢ ይደርሳል፤ ብረት በዚያ ግፊት ሲታመቅ ማለት ነው።

ሜርኩሪ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ አስገርሞኛል። 5.43 ስለሆነ ከምድር ትንሽ የሚቀል ይመስላል። ግን ምድር የገዛ ክብደቷ ጨምቋታል፤ ያ ጭመቃ ቢነሣላት ወደ 4 አካባቢ ትወርዳለች። ትንሿ ሜርኩሪ እምብዛም ስላልተጨመቀች 5.3 ላይ ትቀራለች። ይህ ማለት በውስጧ ያለው የብረት ድርሻ ከምድር እጅግ ይበልጣል፤ እምብርቷ ከሬዲየሷ 85 በመቶ ገደማ ይይዛል። ጨረቃ የሌላት ፕላኔት ስለሆነች የእኔ ስሌት ለእርሷ አይሠራም። ማሪነር 10 በ1974 በአጠገቧ እስክታልፍ ድረስ የሜርኩሪ መጠነ ቁስ የሚገመተው በሌሎች አካላት ላይ ከምታሳድረው ትንሽ ጉተታ ነበር። የእኛዋ ጨረቃ በተቃራኒው 3.34 ናት፤ ብረት በጣም ጎድሏታል። አንድ ማርስን የሚያህል አካል ከወጣቷ ምድር ጋር ተጋጭቶ ከተረጨው ዓለት ተሠራች የሚለው አስተሳሰብ ከሚደግፉት ነገሮች አንዱ ይኸው ቁጥር ነው።

ያው ስሌት ከፀሐይ ሥርዓት ውጭም ይሠራል። ፕላኔት በኮከቧ ፊት ስታልፍ ብርሃኑ ለስንት ሰዓት እንደደበዘዘና በየስንት ቀኑ እንደሚደገም ከታወቀ የምሕዋሩና የኮከቡ ሬዲየስ ምጥጥን ይገኛል፤ ከዚያ በቆርቆሮው ቀዳዳ ለፀሐይ ያደረግነውን መድገም ነው፤ የኮከቡ እፍግታ ይወጣል። በዚህ መስክ ከተገኙት መካከል ኬፕለር 51 የተባለውን ኮከብ የሚዞሩ ሦስት ፕላኔቶች እፍግታቸው ከ0.1 በታች ነው፤ ሳተርን ከእነርሱ ጎን ከባድ ነው።

ለሚቀጥለው ያሰብኩት አራቱንም የጁፒተር ትልልቅ ጨረቃዎች በገዛ ፎቶግራፌ ለክቼ አራቱም አንድ ዓይነት እፍግታ ይሰጡ እንደሆነ ማየት ነው። ካሊስቶና ጋኒሜድ ከክቡ ራቅ ስለሚሉ ለመለካት ይቀላሉ፤ አዮ ግን በጁፒተር ብርሃን ስለምትዋጥ አጭር ብርሃን ማስገቢያ ትፈልጋለች። ማጉያው ሳይነካ የተነሡ የጁፒተር ፎቶግራፎች ያላችሁ፣ ጨረቃዋ እጅግ የራቀችበትን ምሽት መርጣችሁ ምጥጥኑን፣ የክቡን ስፋት በወገብ በኩል ይሁን በዋልታ የለካችሁበትን አቅጣጫና የፎቶግራፉን ሰዓት ጻፉልኝ፤ የጁፒተር ድፍጥጥነት 6 በመቶ ገደማ ስለሆነ እርማቱን አብረን እንሠራዋለን።